አኩራፊዋና የምድጃው ሰዓት

ኅዳር ፲፪ ቀን፣ ረቡዕ፣ ከቀትር በፊት

ባሕርን በአሸዋ ያጠረ፣ በጥልቁም ውስጥ ማንም የማያየውን የሚያይ አምላክ ስሙ ለዘለዓለም የተመሰገነ ይሁን። አሜን።

ይድረስ ለልጄ እናት፤

ሰላምታዬን አስቀድሜአለሁ። ያስቀደምሁት ግን ደብዳቤን ያለ ሰላምታ መጀመር ነውር ስለ ሆነ እንጂ በመካከላችን ሰላም ስላለ አይደለም። ስለ ጤናዬ ባትጠይቂም ደኅና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ነው፤ ዓይኔ ግን ደክሟል፤ የደከመበትን ምክንያት ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ። ልጃችንን፣ ባሏንና ሕፃኑን ሳሚልኝ። ለእነርሱ የምልከው ሰላምታ ከልቤ ነው።

«ልጁ ጥርስ እስኪያወጣ ብቻ» ብለሽ ነበር የሄድሽው። ልጁ ጥርስ ማውጣት ብቻ ሳይሆን ባለፈው ሳምንት የአባቱን ጣት ነክሶ እንዳስጮኸው ልጃችን በስልክ እየሳቀች ነግራኛለች። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ዓመት ከአንድ ወር መሆኑን በጣቴ ቆጠርሁ እንጂ።

በመስከረም ወር ስልኩን ከእርሷ እጅ ተቀብለሽ ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ የሰውን ቃል ሳያጎድሉ መያዝ ከልጅነቴ የተማርሁት ነውና። «አንተ ሰው፣ የዚያን ቀን እውነቱን በራስህ እጅ ጽፈህ ካልላክህልኝ ያንን ደጅ አልረግጥም። በስልክ አልፈልግም፤ በስልክ ትጮህና ትዘጋዋለህ» አልሽ። እኔም ጮኽሁና ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

እንግዲህ ይህ የእጄ ጽሑፍ ነው። «ታዘዘ» ብለሽ ደስ አይበልሽ። የጻፍሁልሽ ስለ በደልሽኝ ልከስሽ ነው። ክሱን ከሥሩ ማስረዳት ስላለብኝ ግን ታገሺ፤ እኔ አርባ አንድ ዓመት ታግሻለሁ።

ነገሩ ከገንዳው ይጀምራል። ሠላሳ ዓመት የሕይወት ሳይንስ ካስተማርሽበት ትምህርት ቤት በጡረታ ስትሰናበቺ፣ ትምህርት ቤቱ ሊጥለው የነበረውን የመስታወት ገንዳ በሦስት ተሸካሚ አስጭነሽ አመጣሽው፤ ሳትጠይቂኝም ከጸሎት ቦታዬ ሁለት ክንድ በማይርቅ ሥፍራ አቆምሽው። የባሕር ጨው በጥብጠሽ ሞላሽው፤ ድንጋይ ደረደርሽበት፤ ዓሣና ኮራል የሚሉትን ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት አስገባሽበት። ሞተሩ ቀንም ሌትም ውኃውን ያንገዋልላል፤ ሲያንገዋልልም ያጉረመርማል። እኔ አንድ ቃል ስል እርሱ ሁለት ይመልስልኝ ነበር፤ በዚህም ባለቤቱን ይመስል ነበር። «ድምፁ ያስቸግረኛል» ባልሁሽ ጊዜ፣ «እነሱም አንተን አልተቀየሙህም፤ ጮክ ብለህ ነው የምትጸልየው» አልሽኝ። ይህንንም አልረሳሁትም።

ባለፈው ዓመት መስከረም እህትሽ ዘንድ ሁለት ቀን ሰንብተሽ በተመለስሽ ጊዜ፣ ስድስቱም ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ነበር። ኮራሎቹ እንደ ኖራ ነጥተው ነበር።

«ምን ሆኖ ነው?» አልሽ።

«መብራት ጠፍቶ ነው» አልሁሽ።

«መቼ?»

«ከትናንት ማለዳ ጀምሮ። ገና አሁን መምጣቱ ነው።»

እጅሽን ልትታጠቢ ወደ ማድ ቤት ገባሽ። ተመልሰሽ መጣሽ። ትክ ብለሽ አየሽኝና «እሺ» አልሽ። በወሩ ልጃችን ልትወልድ ነው ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ።

እኔም ገንዳውን አልደፋሁትም። ለምን አልደፋኸውም ትይኝ ይሆናል፤ ሁለት መቶ ሊትር ውኃ በዚህ ዕድሜዬ ማን ያወጣልኛል? ሞተሩንም አልነቀልሁትም፤ ሽቦው ከሌላው ሽቦ ጋር የተወሳሰበ ስለ ሆነ ነው። ውኃው በጎደለ ቁጥር በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በለጠፍሽው ወረቀት መሠረት ጨው እየበጠበጥሁ ሞላሁ። ሌላ ምክንያት አትፈልጊለት።

በግንቦት አጋማሽ፣ ከኋላ ባለው በሦስተኛው ድንጋይ ላይ፣ ምስር የምታህል ቡናማ ነገር አየሁ። ጥንታዊ ብራና የማነብበትን አጉሊ መነጽር አምጥቼ አፍንጫዬን ከመስታወቱ ጋር አጣበቅሁ። የተማርሁት የትርጓሜ ሥርዓት አንድን ቃል «አንድም» እያሉ በየወገኑ መፈተሽ ነውና ይህችንም እንግዳ በዚያው መረመርኋት። አንድም አረም ናት አልሁ፤ አረም ግን ወደ ብርሃን ያዘነብላል እንጂ መብራቱ ሲበራበት አይኮማተርም። አንድም ሻጋታ ናት አልሁ፤ ሻጋታ ግን አፍ የለውም፣ እርሷ በመካከሏ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ አፍ አላት። አንድም የዓይኔ ጉድለት ናት አልሁ፤ መነጽሩን በነጠላዬ ጫፍ ወልውዬ ደግሜ አየሁ። አለች። ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ያደከምሁት በዚህ ነው።

ፊደል የሚገለብጥ እጅ ሥዕልም አይሳነውምና በወረቀት ነድፌ ወደ ዓሣ ነጋዴው ሄድሁ። የምታውቂው ነው፤ ያ የፊት ጥርሱ ጎድሎ ሲያወራ የሚያፏጨው።

«አባባ፣ ይቺማ ተባይ ናት» አለኝ ሥዕሉን ዘቅዝቆ ጭምር እያየ። «አበባ ትመስላለች እንጂ ክፉ ናት። ዝም ካሏት በሁለት ወር መቶ ሆና ገንዳውን ትወርሰዋለች።»

«ምን ይደረግ ታዲያ?»

«የሎሚ ጭማቂ በመርፌ አፏ ላይ ይውጉላት። ሲወጉ ግን ቀልጠፍ ይበሉ፤ ገና ዱላ ሲያስጠጉባት እልም ብላ ነው ጉድጓዷ የምትገባው።»

«ሳታያት ፈረድህባት?»

«እኔ እኮ ዓሣ ሻጭ ነኝ አባባ፣ ዳኛ አይደለሁም። ዳኛ ቢፈልጉ ሁለት በር ወረድ ብሎ አለልዎት፤ እሱም ሳያይ ነው የሚፈርደው።»

በሱቁ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ የሸጠልኝን መርፌ ይዤ ወጣሁ።

ሎሚውን ጨመቅሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ በአንድ እጄ መርፌውን፣ በሌላው ተማሪዎቼ መስመር እንዳይስቱ የምጠቁምበትን ቀጭን እንጨት ያዝሁ። አስቀድሜ በእንጨቱ ነካኋት። እልም አላለችም። ቅር እንዳለው ሰው ቀስ፣ ቀስ ብላ ተሰበሰበች፤ ሥጋዋም ወደ ውስጥ ሲሸሽ ከሥሩ አጥንት ብቅ አለ። የመጽሐፍ ቅጠሎች በጠርዛቸው በኩል እንደሚታዩት ያሉ ቀጫጭን ነጫጭ ግድግዳዎች፣ ከመካከል ወደ ዳር የተዘረጉ። ቆጠርኋቸው። ዐሥራ ሁለት ትልልቆች ናቸው፤ በየመካከላቸው ትንንሾች አሉ። ተባይ እንዲህ ያለ ቤት አይሠራም። ሎሚውን ደፋሁት።

በማግስቱ ዓሣ ነጋዴውን ከሱቁ ጎትቼ አመጣሁት። «ደንበኛ አለኝ» ቢል አልሰማሁትም። ተንበርክኮ በባትሪ አያትና አፉን በእጁ ያዘ።

«ወይኔ አባባ! ይቺ እኮ የእትዬ አኩራፊ ናት። ራሴ ነኝ የሸጥኩላቸው!»

አንቺ «አኩራፊዋ» እያልሽ ትጠሪያት የነበረችው ኮራል፣ ጠዋት መብራቱ ሲበራ ጉንጯን ነፍታ የምትቆየው፣ እርሷ ናት። ሞታለች ብለሽ ያለቀስሽላት።

«ሞታ አልነበረም እንዴ?» አልሁት።

«አልሞተችማ። ሥጋዋ ሲያልቅ ጥቂት ነገር ከአጥንቷ ሥር ተሸጉጣ ቀርታ ነው። እንዲህ ያደርጋሉ አንዳንዴ።» ቀጥሎም ባትሪውን እያጠፋ፣ «ለመሆኑ ያኔ ሞተሩ ለስንት ሰዓት ነው የቆመው?» አለኝ።

«መብራት ጠፍቶ ነበር።»

«እሱን አይደለም፤ ለስንት ሰዓት ነው ያልኩዎት።»

መልሴን ሳይጠብቅ የጨው መለኪያውን አውጥቶ ከገንዳው አንድ ጠብታ ጨመረበትና በመስኮቱ ብርሃን አየው። ዞር ብሎ እኔን አየኝ። መልሶ መለኪያውን አየው።

«አባባ፣ በምንድን ነው የሚሞሉት?»

«ባለቤቴ በጻፈችው መሠረት፣ በጨው ውኃ።»

«እሱ እኮ አዲስ ውሃ ሲቀየር ነው! የጎደለውን በጨው ውሃ ነው እንዴ የሚሞሉት? የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨውስ የት ይሄዳል ብለው ነው? በስምንት ወር ውስጥ ይቺን ልጅ አጨሟት እኮ!»

ይህን ሲል ጮኸብኝ። በቤቴ፣ ከጸሎት ቦታዬ አጠገብ፣ ዓሣ ሻጭ ጮኸብኝ። የሄደውን እየተካሁ የመሰለኝ የቀረውን እያከበድሁ ኖሬአለሁ። ይህን ግን በአንቺም አመካኛለሁ፤ ወረቀቱ ላይ «ለመሙያ ንጹሕ ውኃ ብቻ» ብለሽ አንድ መስመር ብትጨምሪ ምን ይጎድልሽ ነበር? «ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል» ብለሽ ተውሽው። ሁሉ ሰው አያውቅም።

ቶሎ ላስተካክል ብል ትሞታለች አለኝ። በየቀኑ አንድ ማንቆርቆሪያ ጨዋማውን ቀድቶ አንድ ማንቆርቆሪያ ንጹሕ ውኃ መመለስ፤ ከዚያ አይበልጥም። አርባ ቀን ፈጀ። መብራቱም እንዳይበረታባት በድንጋዩ አናት ላይ ጥላ አበጀሁላት። በሳምንት አንድ ጊዜ የጥፍሬን ሩብ የምታህል፣ ሽሪምፕ የሚሉት የባሕር እንስሳ ሥጋ በወረንጦ አፏ ላይ አኖርላታለሁ። ውኃው እየተንገዋለለ ጉርሻዋን እንዳይወስድባት ግን ለዐሥር ደቂቃ ሞተሩ መቆም አለበት። ያን ዐሥር ደቂቃ ከግድግዳው አልርቅም። ጣቴን ከማጥፊያው ላይ አላነሣም። በሩ ቢንኳኳ አልከፍትም። አንድ ቀን የደብሩ አስተዳዳሪ ራሳቸው መጥተው አንኳኩ፤ እንዳለሁ እያወቁ ተመልሰው ሄዱ። እስከ ዛሬ ተቀይመውኛል። ከዚያ ውጭ በጸሎትም ጊዜ ቢሆን ሞተሩ ቆሞ አያውቅም። ድምፁን ለምጄዋለሁ አልልሽም።

እንግዲህ ወደ ክሴ መጣሁ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እውነተኛ መጥፋት፤ መንደሩ ሁሉ ጠፋ። ሞተሩ ሲቆም ከወንበሬ የተነሣሁት እንደ ወጣት ነበር። ጭልፋ አመጣሁና ውኃውን ከገንዳው እየጨለፍሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስሰው ጀመር፤ አየር እንዲገባው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ክንዴ ዛለ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን የስፌት መኪናዋ ቆሞባት ኖሮ በበሩ አንገቷን አስገባች።

«አባባ፣ ምንድን ነው የሚያበስሉት?»

«ዝም ብለሽ ግቢ።»

«እንዲህ ሲያማስሉት ውለው አይፈላም እንዴ? እሳቱን ረስተውት እንዳይሆን።»

«ሴትዮ፣ ክንድ ካለሽ አበድሪኝ፤ ምላስሽን በቤትሽ ተይው።»

ስቃ ጭልፋውን ከእጄ ወሰደችው። ስትደክም እኔ፣ ስደክም እርሷ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ጨለፍን። ስታዪው የምትስቂበት ነገር ነው፤ እኔ ግን ከልቤ እየለመንሁ ነበር። አምላኬን በሕይወቴ ስለ ብዙ ታላላቅ ነገር ለምኜዋለሁ፤ ስለ ሳንቲም የምታህል ሥጋ ስለምነው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ። ሞተሩ አጉረመረመ። አኩራፊዋ ሰብሰብ ብላ ነበር፤ አልነጣችም። ላብ ልታጠብ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። የኤሌክትሪክ ምድጃው ሰዓት በቀይ ቁጥር ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ይጨልማል፣ ይበራል፤ ይጨልማል፣ ይበራል። ተበላሸ ብዬ ልብስ ሰፊዋን ጠራኋት።

«ምንም አልሆነም አባባ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሌም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሰው ካላስተካከለው ሲጨልም ሲበራ ይኖራል። አያውቁም እንዴ?»

አላውቅም ነበር። በዚያ ምድጃ አጠገብ ስንት ዓመት ሳልፍ ስመለስ አንድ ቀን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። እርሷ ከሄደች በኋላ በማድ ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁና ቀዩን ብልጭታ እያየሁ ያንቺን «እሺ» አሰብሁ።

አሁን ክሴን ስሚ። አንቺ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አውቀሻል። እጅሽን ልትታጠቢ በገባሽ ጊዜ ያ ሰዓት አልጨለመም፣ አልበራም፤ ጸንቶ ትክክለኛውን ሰዓት ይቆጥር ነበር። አየሽው። መጥተሽ እኔን አየሽኝ። አንድ ተማሪሽ ቢዋሽ በዕለቱ ጆሮውን ትይዢው ነበር፤ እኔን ግን ዐሥራ አራት ወር ውሸቴን እንደ ታቀፍሁ ተውሽኝ። በእነዚህ ወራት ውስጥ ሰው ፊት ቆሜ ስለ እውነት አስተምሬአለሁ፤ ሰሚዎቼም አልቅሰዋል። ያቺን ውሸት ለልጃችን ነገርኋት፤ ለዓሣ ነጋዴ ነገርሁት፤ ለንስሐ አባቴ ሳልነግራቸው ቀረሁ። አንቺ ይህን ሁሉ እያወቅሽ በሩቅ ተቀምጠሽ ጠበቅሽ። ይህ ጭካኔ ካልሆነ ጭካኔ ምንድን ነው?

ያንን «እሺ» ሳምንቱን ሙሉ ተረጎምሁት። አንድም ልታዋርጂኝ ነው። አንድም ልትፈትኚኝ ነው። ሦስተኛም ትርጓሜ አለው፤ አውቀዋለሁ፤ አልጽፈውም። ከጻፍሁት ክሴ ይፈርሳል።

እንግዲህ የፈለግሽው ይኸውልሽ፤ በእጄ ነው።

በዚያች ዕለት ማለዳ ለጸሎት ስቆም ማጥፊያውን የተጫንሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዬም አልነበረም፤ አንቺ ከቤት በወጣሽ ቁጥር አጠፋውና ስጨርስ መልሼ አበራው ነበር። ያን ቀን ግን ጸሎቴን ሳልፈጽም ለታመመ ሰው ድረሱ ተብዬ ተጠራሁ። ከአልጋው አጠገብ አደርሁ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ የቤቴን በር ስከፍት ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ያን ጸጥታ ስንት ዓመት ስመኘው ኖሬ ባገኘሁት ጊዜ ምን እንደ ሆነ ወዲያው አወቅሁ። ማብሪያውን ተጫንሁ። አንቺ የደረስሽው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። መብራት አልጠፋም ነበር።

ይህን በመጻፌ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ንዴቴም አልበረደም፤ እንዲበርድልኝም አልለምንሽም።

ስለ አኩራፊዋ የምጠይቅሽ አለ። ከሦስት ቀን ወዲህ በግራ በኩል ያለው ጠርዟ ከድንጋዩ ከፍ ብሏል። ዓሣ ነጋዴው «እያደገች ነው» ይላል፤ ዳኝነቱን ግን አይቼዋለሁና አላምነውም። ቀለሟም በዳር በኩል ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ድሮ እንዲህ ነበረች ወይስ ሌላ እየሆነች ነው? በጽሑፍ ልትመልሺልኝ አትችዪም፤ ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

የምድጃው ሰዓት እስከ ዛሬ ሲጨልም ሲበራ ነው። ልብስ ሰፊዋ ላስተካክለው አለች፤ አይሆንም አልኋት። አራት ቁልፎች አሉት፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጫን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ከእንግዲህ በዚህ ቤት የማላውቀውን ቁልፍ አልነካም።

እግዚአብሔር ያላችሁበትን ቤት ከክፉ ይጠብቀው። ልጃችንን ጤና ይስጣት፤ ባሏን ትዕግሥት ይስጠው፤ የሕፃኑን ጥርስ ለእህል ያድርገው እንጂ ለአባቱ ጣት አያድርገው። ለአንቺም ዕድሜ ከጤና ጋር ይጨምርልሽ፤ መንገድ የምትጀምሪ እንደ ሆነ መልአኩ ከፊትሽ ይቅደም፤ ይህን ስታነቢ የሚበራልሽ ብርሃን፣ በዚያም በዚህም ቤት፣ አይጥፋ። አሜን።

ያው የምታውቂው ሰው